«በዚች ካሜራ ሰርግ ላይ ብገኝ ይስቁብኝ ይሆን?»

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ተናድጄ ነው። የተናደድኩት ግን በአንቺ አይደለም።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ላሳጥረው። ጠያቂያችን 24 ዓመቷ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቃ ቢሮ ተቀጥራለች። ቅዳሜና እሁድ በጓደኛዋ ካሜራ ልደትና ምርቃት ታነሳለች፤ አሁን የራሷን መግዛት ፈልጋለች። ያጠራቀመችው ገንዘብ አነስ ያለ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ያለው የጀማሪ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ ከሌንሱ ጋር ይገዛላታል። አጎቷ ግን «ከሠራሽ አይቀር ፉል ፍሬም ግዢ፣ የጎደለውን እኔ አበድርሻለሁ» ብለዋታል፤ ፉል ፍሬም ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራ ነው። ፎቶ አንሺ ጓደኞቿ ትንሿን ካሜራ «መጫወቻ» ይሏታል። አባቷ ደግሞ ማስተርሷን እንድትቀጥል ይፈልጋሉ። የትኛው ብራንድ እንደሚሻልም ጠይቃኛለች። የደብዳቤዋ የመጨረሻ መስመር ከላይ ርዕስ ያደረግኩት ነው።

እህቴ፣ ሙሽሮች አይስቁብሽም። የሚያዩት ፎቶውን ነው። የሚስቁት ሌሎች ፎቶ አንሺዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አይከፍሉሽም።

እስቲ «መጫወቻ» የተባለውን እንለካው። የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። አንቺ ያየሽው፣ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ትንሹ ሴንሰር፣ በአብዛኞቹ ብራንዶች 23.5 በ15.6 አካባቢ ነው። በስፋት ሲሰላ ትልቁ የትንሹን 2.3 እጥፍ ያህል ይሆናል። ልዩነቱ እውነት ነው። ደብዛዛ አዳራሽ ውስጥ ትልቁ ላይ ምስሉ ጥርት ይላል፤ ትንሹ ላይ ቶሎ አሸዋ አሸዋ ይላል። የጀርባው ብዥታም በትልቁ ይበልጣል። ጓደኞችሽ እስከዚህ ድረስ አልዋሹሽም።

የረሱት ሌንሱን ነው። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ኪት ሌንስ ዙም ሲደረግ አብዛኛውን ጊዜ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። እስከ ኤፍ 1.8 የሚከፈት ዙም የሌለው ሌንስ ከእሱ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ሴንሰሩ 2.3፣ ሌንሱ 10። አካውንታንት ነሽ፣ አንቺው አስዪው። በአጎትሽ ብድር ፉል ፍሬም ቦዲ (ካሜራውን ያለ ሌንስ) ገዝተሽ፣ ገንዘቡ አልቆ በኪት ሌንስ ከቀረሽ፣ የምትሰበስቢው ብርሃን ኤፍ 1.8 የገጠመችው «መጫወቻ» ከምትሰበስበው ሩብ ያህሉን ነው። ስንት ሰው አይቻለሁ መሰለሽ፣ ትልቅ ቦዲ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ለሌንስ ገንዘብ የሚለቅም።

የመጀመሪያ ሌንስሽ 30 ወይም 35 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ያያል። ብዙዎች በርካሽነቱ 50ውን ይገዛሉ። ለአንድ ሰው ፊት በጣም ያምራል። ጠባብ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው በአንድ ላይ አንሺ ስትባዪ ግን ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያልሽ ጀርባሽ ግድግዳ ይነካል፤ ዳር ያሉት ሁለቱ አሁንም ግማሽ ፊት ናቸው።

ስለ ብራንድ ላልሽው፣ ሃይማኖት አታድርጊው። ቪውፋይንደር (ዓይንሽን አስጠግተሽ የምታዪበት ቀዳዳ) ያለው ይሁን። ሶኒ ዜድቪ-ኢ10 እና ኒኮን ዜድ 30 የላቸውም፤ ቪዲዮ ለሚሠራ ምንም አይደለም፣ አንቺ ግን ጠራራ ፀሐይ ላይ ስክሪኑ ውስጥ የምታዪው የራስሽን ፊት ነው። የፍላሽ መቀመጫውንም እዪ። ካነን አር 50 ቀላልና ጥሩ ካሜራ ነው፤ መቀመጫው ግን የተለመደው የኤሌክትሪክ ንክኪ ስለሌለው ብዙ ፍላሾች ያለ አዳፕተር (ማገናኛ) አይሠሩበትም። ኒኮን ዜድ 50 እና ሶኒ ኤ6400 ሁለቱም በ2019 የወጡ ናቸው፤ በደንብ የተያዘ ያገለገለ ካገኘሽ አልከለክልሽም። በሚተርፍሽ ተጨማሪ ባትሪ ግዢ። የእነዚህ ትንንሾች ባትሪ ሙሉ ቀን አይውልም።

አሁን ጓደኞችሽ ያልነገሩሽን ልንገርሽ። የጀማሪ ካሜራ ትልቁ ጉድለት ሴንሰሩ ሳይሆን የካርድ ቦታው ነው። ከላይ የጠራኋቸው ሁሉ የሚይዙት አንድ ሜሞሪ ካርድ ብቻ ነው። ለባለሙያ ተብለው የሚሠሩት አብዛኞቹ ሁለት ይይዛሉ፤ ካስተካከልሻቸው እያንዳንዱን ፎቶ ሁለቱም ላይ ይጽፋሉ።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ሦስት ዓመት የአንድ ፎቶ አንሺ ረዳት ነበርኩ። ረዳት ስልሽ መብራት ተሸካሚ ማለቴ ነው። አንድ ሰርግ ላይ ሰውዬው ፊቱ ልውጥ ብሎ ካሜራውን አቀበለኝ። ካርዱ አይነበብም ይላል። አወጣሁት፣ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኩት፣ መለስኩት። ያው ነው። ደግሜ አወጣሁት፣ እፍ አልኩበት፣ መለስኩት። ያው። ሙሽራዋ ከቤቷ ስትወጣ የተነሳው በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ካሜራው በጊዜው ውድ የሚባል ፉል ፍሬም ነው፤ የሚይዘው ካርድ ግን አንድ። አልበሙ የደረሰ ቀን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ነው። እናቷ ከዚያ በፊት ያለውን ፈልገው ገጹን ወደ ኋላ ገለጡት። ወደ ኋላ ምንም አልነበረም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ሰርግ ብቻሽን አትያዢ። ልምድ ያለው ሰው ፈልገሽ ሁለተኛ ፎቶ አንሺ ሆነሽ ግቢ። ዋናውን እሱ ያነሳል፤ አንቺ ከጎን እያነሳሽ ትማሪያለሽ። ካርድሽ ቢበላሽ የማንም ትዝታ አብሮ አይሄድም። እኩለ ቀን ላይ ካርድ ቀይሪ። ፎቶው ሁለት ቦታ ሳይገለበጥ ካርዱ ላይ ያለውን አታጥፊ። መብራት ተሸከሚ ቢሉሽም ተሸከሚ። አያዋርድም።

ብድሩን አትውሰጂ። አጎትሽ በፍቅር እንዳሉት አልጠራጠርም። ግን የዘመድ ብድር መክፈያ ቀኑ አይጻፍም፤ ወለዱም እንደዚያው። የአጎትሽ ልጆች ሲያገቡ በነፃ ታነሻለሽ፤ የልጅ ልጅ ልደትም ይከተላል፤ ዕዳው ግን አይቀንስም። በሰው ወርቅ አይደምቁም ይባል የለ? (እኔ ራሴ የተማርኩት በተውሶ ካሜራ ነው። የተውሶ ግን ቀላል ነው፤ ማታ ትመልሺዋለሽ።) ሥራው ካላዋጣሽ ትንሿን ሸጠሽ ትገላገያለሽ። ፉል ፍሬሙን ስትሸጪው ግን ዋጋው ወርዶ ታገኚዋለሽ፤ ዕዳው እዚያው ነው። ለአጎትሽ «አመሰግናለሁ፣ መጀመሪያ በዚች ልሞክር» በያቸው። ከተቀየሙም ከተበዳሪ አጎት ተቀያሚ አጎት ይሻላል… ማለቴ፣ ከአበዳሪ አጎት።

የቀሩትን በአጭሩ። ሥራሽን አትልቀቂ፤ ሰርግ ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ቢሮ ከሰኞ እስከ ዓርብ። የፎቶ ሰርተፍኬት ማንም አይጠይቅሽም፤ የሚጠይቁሽ ያነሳሽውን ፎቶ ነው። ማስተርሱን ራስሽ ከፈለግሽው ተማሪ፤ የሚፈልጉት አባትሽ ብቻ ከሆኑ ግን የሚሄደው ጊዜ የአንቺ እንጂ የእሳቸው አይደለም፣ ይህንኑ በአክብሮት ንገሪያቸው።

አንድ የቀረኝ። ረዳት ልሁን ብለሽ ስትጠይቂ ስለ ካሜራሽ አታውሪ። ሁለት መስመር በቂ ነው፦ ቅዳሜ ነፃ ነኝ፣ መብራት እይዛለሁ። እኔ ስቀጠር ያልኩት ይህንኑ ነበር፤ የመለሱልኝም «ጠዋት 12 ሰዓት ድረስ፣ ጫማህ የሚያራምድ ይሁን» ብቻ ነው።