ፋይሉ አርዱይኖ ላይ ለምን ጎድሎ ይደርሳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከሐይቅ ነው፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለትምህርት ቤታችን የሚናገር ደወል እየሠራሁ ነው፣ «ክፍለ ጊዜው አልቋል» ይላል። ድምፁን በስልኬ ቀድቼ ወደ 8 ኪሎኸርዝ፣ 8 ቢት ዌቭ ቀየርኩት፤ 5 ሰከንዱ 40,044 ባይት ሆነ። ከላፕቶፕ በዩኤስቢ ገመድ ወደ አርዱይኖ ኡኖ (ኮድ ተጭኖባት የምትሠራ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ልኬ ኤስዲ ካርድ ላይ እንዲጻፍ ነው የምፈልገው። በሰከንድ 115200 ቢት ፍጥነት ስልከው ሁሌም ጎድሎ ይደርሳል፣ ሲጫወትም ይንኮሻኮሻል። ወደ 9600 ሳወርደው ተሻለው፣ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ይጎድላል። በየባይቱ መሃል ዴሌይ (ትንሽ መቆያ) ላስገባ? ካርዱን አውጥቶ ላፕቶፕ ላይ መጻፍ እንደሚቻል አውቃለሁ፣ ሳጥኑ ግን ጣሪያ ስር ስለሚሰቀል በየጊዜው መሰላል ማቆም አይሆንልኝም። ኮዴንም አያይዤ ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ገመዱን አትጠርጥረው። 9600 ላይ መሻሉ ራሱ ችግሩን ይነግረናል።

ቤት ውስጥ ቡና ሲቀዳ አስበው። አቦሉ ተጠጥቶ ስኒው ካልተመለሰ ቶናው አይቀዳም። አንተ ግን ስኒው ሳይመለስ እየቀዳህ ነው። የኡኖው ስኒ፣ ማለትም የሚመጣውን ባይት ለጊዜው የሚይዘው ባፈር፣ 64 ባይት ብቻ ነው። በ115200 አንድ ባይት ከመነሻና ከመድረሻ ቢቱ ጋር 10 ቢት ስለሚሆን በሰከንድ 11,520 ባይት ይገባል፣ ስለዚህ ባፈሩ 6 ሚሊሰከንድ ሳይሞላ ጢም ይላል። ኤስዲ ካርዱ ደግሞ የሚጽፈው በ512 ባይት በ512 ባይት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይጨርሳል፣ አንዳንዴ ግን የውስጥ ሥራውን ሲያስተካክል ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ያስጠብቃል። በዚያች ቅጽበት ኮድህ ካርዱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ላፕቶፑ መላኩን ይቀጥላል፣ የተረፈው ባይት ይፈሳል። ምንም የስሕተት መልእክት የለም። በ9600 ባፈሩ ለመሙላት 66 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት የሚፈሰው ያንሳል እንጂ አይቀርም።

ዴሌዩን ተወው። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ሦስት ቀን ሙሉ ዴሌይ ስጨምር ስቀንስ ነው የከረምኩት። ካርዱ መቼ እንደሚዘገይ ላፕቶፑ አያውቅም፣ ስለዚህ የምታስገባው ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። ለጥንቃቄ ብለህ በየባይቱ 100 ሚሊሰከንድ ብታደርግ የ5 ሰከንድ ድምፅ ለመላክ ከ1 ሰዓት በላይ ይፈጅብሃል። ደግሞም አሁንም ዋስትና የለህም።

ተቀባዩ ይናገር። ፋይሉን በ32 ባይት ቆራርሰው። እያንዳንዱ ቁራጭ ተራ ቁጥሩን፣ ርዝመቱን፣ 32ቱን ባይትና መጨረሻ ላይ ቼክሰሙን (ከባይቶቹ ተሰልቶ የሚገኝ ማመሳከሪያ ቁጥር) ይያዝ። እንዲህ ሲሆን ቁራጩ እንዳለ ባፈሩ ውስጥ ይገባል፣ ኮድህ ቢዘገይም አይፈስም። ኡኖው ቁራጩን ያነባል፣ ቼክሰሙን ያመሳክራል፣ ካርዱ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ «ደርሷል» ብሎ አንድ ባይት ይመልሳል። ካልገጠመ «ድገመው» ይላል። ላፕቶፑ መልስ ሳያገኝ ቀጣዩን አይልክም፣ ግማሽ ሰከንድ ጠብቆ ዝም ከተባለ ያንኑ ይደግማል። ይሄ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ በ1977 ዋርድ ክሪስተንሰን የሠራው ኤክስሞደም የሚባል የፋይል መላኪያ ደንብ በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው፣ ቁራጩ 128 ባይት፣ «ደርሷል» ቁጥር 6፣ «ድገመው» ቁጥር 21። አንተም እነዚህኑ ቁጥሮች ተጠቀም።

ርዝመቱን ለምን አስገባው ካልክ፣ ያንተ ፋይል 1,251 ሙሉ ቁራጭ ሆኖ 12 ባይት ይተርፋል። ርዝመት ከሌለ ኡኖው ሌላውን 20 ባይት ሲጠብቅ ይውላል። ተራ ቁጥሩ ደግሞ ለዚህ ነው፦ ቁራጩ ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ቢጠፋ ላፕቶፑ ያንኑ ይደግማል። ኡኖው ቁጥሩን አይቶ «ይሄን ጽፌዋለሁ» ማለትና ሁለተኛ ሳይጽፍ «ደርሷል» ብቻ መመለስ አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከላክህልኝ ኮድ ላይ ሌላም አየሁ። ያነበብከውን በቻር (ኡኖ ላይ ከ-128 እስከ 127 ብቻ በሚይዝ የአንድ ባይት ዓይነት) ይዘህ ከ-1 ጋር ታወዳድራለህ። -1 «ምንም የለም» ማለት ነው፣ በቻር ከያዝከው ግን 255 የሆነ ባይትም -1 ይመስላል። በ8 ቢት ዌቭ 255 ድምፁ ጣሪያ ሲነካ የሚመጣ ቁጥር ነው፣ ስለዚህ ጮክ ባልክበት ቦታ ሁሉ ባይት ትጥላለህ። በኢንት (ሰፋ ያለ ቁጥር በሚይዘው ዓይነት) ያዘው።

መብራት ቢሄድስ? አዲሱን ፋይል በሌላ ስም ጻፍ፣ ሙሉ መድረሱን ስታረጋግጥ ብቻ አሮጌውን አጥፋ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ከኮምቦልቻ ነኝ። የጫጩት መፈልፈያዬን ሙቀት ከላፕቶፕ ለኡኖ እልካለሁ። የመጀመሪያው መስመር ሁሌ ይጠፋል፣ የቀን ቆጠራውም ከዜሮ ይጀምራል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ላፕቶፑ ፖርቱን ሲከፍት ኡኖው ሪሴት ይሆናል (እንደ አዲስ ይነሳል)፣ አሠራሩ እንዲያ ነው። ከዚያም ቡትሎደሩ (ኮድ ተቀብሎ የሚጭነው ትንሽ ፕሮግራም) አዲስ ኮድ ይመጣ እንደሆነ ትንሽ ጠብቆ ነው ያንቺን የሚያስነሳው። የጠፋው መስመር የተላከው በዚያ መሃል ነው። ኡኖው ሲነሳ «ዝግጁ» ብሎ ይላክ፣ ላፕቶፑም ያንን ሳይሰማ ምንም አይላክ። የቀኑን ቁጥር በየሰዓቱ ኢኢፕሮም (ኡኖው ውስጥ ያለ፣ መብራት ቢጠፋም የማይጠፋ ማከማቻ) ላይ ጻፊው፤ በ21 ቀን 504 ጊዜ ብቻ ነው፣ ኢኢፕሮሙ 100,000 ጊዜ መጻፍ ይችላል። እንቁላሎቹ ውስጥ እያሉ ጭራሽ ሪሴት እንዳይሆን ከፈለግሽ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አድርጊ፣ ፖዘቲቩን ሪሴት ላይ፣ ነጌቲቩን ግራውንድ ላይ። ኮድ ስትጭኚ ግን ንቀይው፣ አለበለዚያ አይጫንልሽም።