የጉልበት መሸርሸር በደም ምርመራ ይታወቃል?

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ግራ ጉልበቷን ካመማት ሦስት ዓመት አልፏል። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ይዛ ነው፤ ዘንድሮ በዐቢይ ጾም ስግደቱን ትታ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጸለየች። ሐኪሙ ራጅ አስነስቷት “የመገጣጠሚያ መሸርሸር ነው፣ ኦስቲዮአርትራይተስ” አላት። የደም ምርመራዋ ግን ሁሉም ደህና ነው ተባለ። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ደግሞ ይህን በሽታ ከራጅ ስምንት ዓመት ቀድሞ የሚያውቅ የደም ምርመራ አሜሪካ ውስጥ ተገኝቷል፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ፣ ደሟን ላኩልኝ ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
የእናቷ ነገር ያስጨነቃት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ደሙን አትላኩ። ወንድምሽ የሰማው ግን ባዶ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለንደን ውስጥ ቺንግፎርድ ከሚባል ሰፈር ቀደም ብሎ የተቀመጠ የ200 ሴቶችን ደም መረመሩ። ግማሾቹ በኋላ የጉልበት መሸርሸር የያዛቸው፣ ግማሾቹ ያልያዛቸው ነበሩ። ጥቂት ፕሮቲኖችን አንድ ላይ በማየት፣ ራጅ ላይ ምልክቱ ከመታየቱ እስከ ስምንት ዓመት ቀድሞ ሁለቱን ወገኖች መለየት ተችሏል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ሳነበው ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የአንድ ሰፈር 200 ነጭ ሴቶች ናቸው። ደግሞስ የእናትሽ ሕመም ራጅ ላይ ታይቶ የለ? ይመጣል አይመጣም የሚል ምርመራ ለእሳቸው ምን ይጨምርላቸዋል?

ነገሩ እንዲገባሽ ዶሮ ስትገነጣጥዪ ጭኑን ከእግሩ የምትለዪበትን ቦታ አስቢ። ቢላዋው ገብቶ መጋጠሚያው ሲከፈት የአጥንቱ ጫፍ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጣት ሲነካው የሚያንሸራትት ሽፋን አለው። ልም አጥንት ወይም ካርቲሌጅ የምንለው እሱ ነው። የደም ሥር የለውም፣ ነርቭም የለውም፤ ስለዚህ መሳሳት ሲጀምር ባለቤቱ አይሰማውም። ራጅም እሱን ራሱን አያሳይም፤ የሚያሳየው በሁለቱ አጥንቶች መሃል የቀረውን ክፍተት ነው። ተመራማሪዎች በደምና በሽንት ውስጥ ምልክት መፈለግ የጀመሩት ለዚህ ነው። ሽፋኑ በዋናነት የተሠራበት ዓይነት 2 ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ሲበጣጠስ ፍርፋሪው ወደ ደም ይገባና በሽንት ይወጣል። ሲቲኤክስ-2 የተባለው ምርመራ ያንን ፍርፋሪ ሽንት ውስጥ ይለካል። ኮምፕ የተባለው ሌላው የካርቲሌጅ ፕሮቲን በደም ይለካል። ባዮማርከር የሚባሉት እነዚህን የመሳሰሉት ናቸው።

እኔ 22 ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ። ደሙ ሴንትሪፊውጅ በሚባል አሽከርካሪ ማሽን ላይ ዞሮ ሲወጣ ቀዩ ከታች ይረጋል፤ ከላይ ጠጅ የመሰለ ጥርት ያለ ቢጫ ፈሳሽ ይቀራል። ያ ፈሳሽ ላይ “ግራ ጉልበት” የሚል አልተጻፈም። ፍርፋሪው ከቀኝ ጉልበትም፣ ከዳሌም፣ ከጣትም፣ ከአከርካሪም ሊመጣ ይችላል። ናሙናው የተወሰደበት ሰዓትም ለውጥ ያመጣል። እናትሽ ቅዳሴ አስቀድሰው ግማሽ ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው ደም ቢሰጡ ኮምፕ ከፍ ብሎ ይገኛል። በመገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባለው ሌላ ባዮማርከር ደግሞ ሰው ከአልጋ ተነስቶ መንቀሳቀስ ሲጀምር ይጨምራል፤ ምግብ ከተበላም ይጨምራል። ሲቲኤክስ-2 ጠዋት ከፍ ብሎ ቀን ላይ ይወርዳል። ለዚህ ነው በጥናት ላይ የናሙናው ሰዓት ሳይቀር አስቀድሞ የሚወሰነው።

በብዙ ሰው ላይ ሲሠራበት ግን ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 79 የሆኑ 4,796 ሰዎችን ጉልበት ለዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት አለ። ከእነሱ 600 ተመርጠው ደማቸውና ሽንታቸው ሲመረመር፣ የሽንት ሲቲኤክስ-2 ጉልበቱ ሊባባስ ያለውን ሰው ከሚጠቁሙት አንዱ ሆኖ ተገኘ። ብቻውን ሲታይ የመለየት አቅሙ መጠነኛ ነው። ለመድኃኒት ሞካሪዎች ግን ይህም ቀላል አይደለም፤ ካርቲሌጅ የሚሳሳው በዝግታ ነውና አንድ መድኃኒት መሥራት አለመሥራቱን በራጅ ብቻ ለማየት ዓመታት ይፈጃል። ቶሎ የሚባባስባቸውን ሰዎች አስቀድሞ መርጦ መሞከር ከተቻለ ድካሙ ይቀንሳል። ዛሬ ግን አንድን ሕመምተኛ በእነዚህ ቁጥሮች የሚያክም ሐኪም የለም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለኝ። የራሴ እናት ጉልበቷን ስታማርር አንድ ክሊኒክ ኤኤስኦ የሚባል የደም ምርመራ አዘዘላት። ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ “ሪህ ነው” ተብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ተወጋች። ኤኤስኦ የሚናገረው ሰውነት ስትሬፕቶኮከስ ከሚባለው ባክቴሪያ ጋር፣ ብዙ ጊዜ በጉሮሮ ሕመም፣ ተገናኝቶ እንደነበር ነው። ስለ ልም አጥንት አንዳች አይናገርም። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ጉልበቷን የሚደግፈው የጭኗ ጡንቻ ሲከሳ፣ እኔም ገና ጀማሪ ስለነበርኩ ሐኪሙን ደፍሬ አልጠየቅሁም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የእናትሽ የደም ውጤት ደህና መሆኑ ግራ አያጋባሽ። እነዚያ ምርመራዎች የሚታዘዙት ሪኡማቶይድ የሚባለውን የመገጣጠሚያ ብግነት፣ ዩሪክ አሲድ የሚያመጣውን ሪህና ኢንፌክሽንን ለማጣራት ነው። ጠዋት ሲነሱ ጉልበታቸው ግትር ብሎ ከግማሽ ሰዓት በታች የሚፍታታ ከሆነ ሐኪሙ ካለው ጋር ይስማማል። ጉልበቱ ድንገት አብጦ ቢግል፣ ትኩሳትም ቢኖር ግን ሳታሳድሩ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።

ወንድምሽ ለመላክ ያሰበውን ብር ለፊዚዮቴራፒ ያድርገው። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ቀጥ አድርገው ዘርግተው እስከ አስር እየቆጠሩ መያዝን ባለሙያው ያሳያቸዋል። ቡና ሲያፈሉ ከዱካ ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር ይሁን። ክብደታቸው ከፍ ያለ ከሆነ፣ የሚቀንሱት እያንዳንዱ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበታቸው ላይ ከሚያርፈው ጫና አራት ኪሎ ያህል ያነሳላቸዋል። ራጁንም አውጥተሽ እዪው፤ ያነሷቸው ተኝተው ከሆነ ክፍተቱ ከእውነቱ ሰፍቶ ሊታይ ስለሚችል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቆመው እንዲነሱ ሐኪሙን ጠይቂ።