መልስ፦ የእስራኤል አይሁዶች ሁሉ ከአውሮፓ የመጡ ናቸው ወይ?

ወንድሜ፣ «የእስራኤል አይሁዶች በሙሉ ከአውሮፓ የመጡ ሰፋሪዎች አይደሉም ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አይደሉም። እጅግ ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸው ከባግዳድ፣ ከሰንዓ፣ ከካዛብላንካና ከመሳሰሉት ከተሞች የሚመዘዝ ነው።

ኢራቅን ብቻ እንመልከት። አይሁዶች ናቡከደነፆር ማርኮ ከወሰዳቸው ጊዜ አንሥቶ በዚያ ምድር ከ2,500 ዓመት በላይ ኖረዋል፤ የባቢሎን ታልሙድ የሚባለው ታላቁ የአይሁድ ሕግና ትምህርት መጽሐፍ የተዘጋጀውም እዚያው ነው። የዘመናዊቷ ኢራቅ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር ሳሶን እስኬል እንኳ አይሁዳዊ ነበሩ! ይሁንና በ1941 እ.ኤ.አ. ባግዳድ ውስጥ በሁለት ቀን ከመቶ በላይ አይሁዶች ተገደሉ። እስራኤል ከተመሠረተች በኋላም ከሥራ ተባረሩ፤ በ1950 እና በ1951 ወደ 120,000 የሚጠጉት ዜግነታቸውን አጥተው፣ ንብረታቸውን ጥለው በአውሮፕላን ወጡ።

እስራኤል ውስጥ የጠበቃቸው የድንኳን ሰፈር ነበር። ሥልጣን የያዙት ከአውሮፓ የመጡ መሪዎች ዝቅ አድርገው አዩአቸው። ያ ቁጭት በ1977 የሊኩድ ፓርቲ መሪ ሜናኸም ቤጊንን ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ሥልጣን ካበቁት ምክንያቶች አንዱ ሆነ፤ ሊኩድ ዛሬም ከእነዚህ ቤተሰቦች ብዙ ድምፅ ያገኛል።

ይህ ታሪክ ግን በ1948 የተፈናቀሉት ወደ 700,000 የሚጠጉ ፍልስጤማውያን የደረሰባቸውን በደል አይሰርዝም። የባግዳዱን ነጋዴ ሀብት የቀማው የሐይፋ ፍልስጤማዊ ገበሬ አይደለምና፣ አንዱን ስደት ለሌላው ማካካሻ አድርገው የሚከራከሩ ፖለቲከኞችን ከቶ አልቀበላቸውም።