የአንጀትን ዘረመል ባጠና እንጀራ ይሆነኛል?

ውድ እህታችን፣

ሌላው አንባቢ እንዲከታተለን ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። በሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ተመርቀሽ በግል ክሊኒክ ደምና ሰገራ ትመረምሪያለሽ። ፍላጎትሽ ዘረመሎች (ጂኖች) በሰው አንጀት ውስጥ መቼና እንዴት እንደሚነቁ ማጥናት ነው። አባትሽ ደግሞ «ኅብረተሰብ ጤና ተማሪና ደመወዝሽን አሻሽዪ» ይሉሻል። ሙያው ሥራ አለው ወይ? ከሀገር ሳልወጣስ መጀመር እችላለሁ ወይ? ብለሽ ጠይቀሻል።

ከሁለተኛው ልነሣ፤ ትችያለሽ። እንዲያውም ከዚሁ ብትጀምሪ የሚሻልበት ጥያቄ አለ፤ የወተት ጉዳይ።

የወተትን ስኳር የሚሰባብረው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም የሚመረተው በትንሹ አንጀት ሽፋን ሕዋሳት ነው። ዘረመሉ በሌላውም የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ አለ፤ በአንጀት የሚነቃው ግን ሲዲኤክስ2ን የመሰሉ ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች እዚያ ስለሚገኙ ነው። አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ጡት ከጣለ በኋላ ይህ ዘረመል እየደከመ ይሄዳል፤ በአንዳንዱ ሰው ግን ዕድሜ ልኩን እንደነቃ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2002 በፊንላንድ ቤተሰቦች ላይ የተሠራ ጥናት መንስኤውን ሲያገኝ፣ ልዩነቱ ላክቴዝ ዘረመል ላይ አልነበረም። ወደ 14,000 የዲኤንኤ ፊደል ያህል ርቆ፣ ኤምሲኤም6 በሚባለው ጎረቤት ዘረመል ውስጥ ያለች አንዲት ፊደል ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በታንዛኒያ፣ በኬንያና በሱዳን ሕዝቦች ላይ በተደረገ ጥናት በዚያው ሠፈር ሌሎች ሦስት ለውጦች ተለዩ። ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያሉ ለውጦች ከአንድ በላይ ሆነው ጎን ለጎን ይገኛሉ። ሰሜን አውሮፓን በአንድ ፊደል ማስረዳት ይቻል ይሆናል፤ አፋሩን፣ ሶማሌውንና ደገኛውን ግን አይቻልም። ለዚህ ነው ጥያቄው የሚሰፋው እዚህ ነው የምለው።

ይህን ለማጥናት የግድ የአንጀት ቁራጭ አያስፈልግም። ቁራጭ ለመውሰድ ኢንዶስኮፒ፣ ሐኪም፣ የሥነ ምግባር ፈቃድና ናሙናው ሳይበላሽ የሚቀመጥበት ጥልቅ ማቀዝቀዣ ይጠይቃል። ዲኤንኤ ግን ከምራቅ ወይም ከደም ይገኛል። ላክቴዙ መሥራት አለመሥራቱም በትንፋሽ ይለካል፤ ያልተፈጨው የወተት ስኳር ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፣ የሚፈጠረው ሃይድሮጂንም በትንፋሽ ይወጣል። አንቺ ናሙና መሰብሰብ፣ መለያ ቁጥር መስጠት፣ ቅዝቃዜ መጠበቅ የዕለት ሥራሽ ነው። ከንባብ ብቻ የመጣ ተማሪ ይህን ከሀ ብሎ ይማረዋልና ማመልከቻሽ ላይ በግልጽ ጻፊው።

የሚጎድልሽ ኮምፒውተሩ ነው። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር፤ የዘረመል ቁጥጥር ጥናት ግማሹ ዛሬ የመረጃ ትንተና ስለሆነ አር ወይም ፓይተን የተባሉትን የኮምፒውተር ቋንቋዎች ሳትማሪ ማስተርስ አትግቢ። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ የአንጀት አትላስ (የሕዋሳት ካርታ) ከፅንስ እስከ አዋቂ ድረስ ከ400,000 በላይ ሕዋሳትን ዘርዝሮ መረጃውን ለሁሉም ክፍት አድርጓል። ላክቴዝን በዚያ ውስጥ ፈልጊው። በየትኞቹ ሕዋሳት በርትቷል? ትልቁ አንጀት ላይስ? ፅንሱና አዋቂው ይለያያሉ? መልሱን በአንድ ሥዕል አውጪ። ኢንተርኔቱ ካስቸገረሽ ኮድ በኢንተርኔት ላይ በሚያሠራው ጉግል ኮላብ ሥሪ፤ ከባዱ ፋይል ወደ ኮምፒውተርሽ መውረድ የለበትም። ኤች3ኤባዮኔት የተባለው የአፍሪካ ተመራማሪዎች መረብ በአፍሪካ ተቋማት ሲሰጥ የቆየው የባዮኢንፎርማቲክስ (የሥነ ሕይወት መረጃን በኮምፒውተር የመተንተን) መግቢያ ኮርስም ለጀማሪ የተዘጋጀ ነው። የሰርተፍኬት ክምር ግን አይጠቅምሽም። ለመምህር ስትጽፊ «ስኮላርሺፕ እፈልጋለሁ» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ ያቺ ሥዕልና ሥሯ ያሉት አምስት መስመሮች ይነበባሉ።

ለማስተርስ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የማይክሮቢያል፣ ሴሉላርና ሞለኪውላር ባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ተመልከቺ። ለመመረቂያ ጥናት ደግሞ አለርት ግቢ የሚገኘውን የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ጠይቂ። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን አትናቂው። ውጭ ለመማር የአውሮፓ ኅብረቱን ስኮላርሺፕ ኢራስመስ ሙንዱስን የመሰሉ ዕድሎች አሉ፤ እነሱን እየጠበቅሽ ግን ዓመት አታሳልፊ።

አሁን ወደ ሥራው። «የአንጀት ዘረመል ተመራማሪ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ በሪፖርተር ጋዜጣ ላይ ታያለሽ ብዬ አላታልልሽም። የሚቀጠረው ክህሎቱ ነው። ዲኤንኤን አባዝቶ የሚመረምረው ፒሲአር በኮቪድ ጊዜ በየክልሉ ተስፋፍቷል፤ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ጂን ኤክስፐርት የተባለውን መሣሪያ የሚጠቀሙ ሆስፒታሎችም ብዙ ናቸው። በሞለኪውላር ላቦራቶሪ ሠርቶ ውጤቱን ራሱ መተንተን የሚችል ሰው በምርምር ተቋማትም በሆስፒታልም ቦታ አለው፤ ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ሰው ጥቂት ነው።

አባትሽ የሚያስቡት ስለ ገንዘብ ነው፤ ሥጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ክሊኒኩን አትልቀቂ። «ሥራዬን እንደያዝኩ ማታ ማታ እማራለሁ፤ ማስተርሱ ከተገኘም የሚያስገባኝ ሞለኪውላር ላቦራቶሪ ነው» ብለሽ አስረጃቸው። ኅብረተሰብ ጤና መጥፎ ምርጫ ሆኖ አይደለም፤ በደብዳቤሽ ስለ እሱ አንድ መስመር ስትጽፊ ስለ አንጀት ሕዋሳት ግን ሁለት ገጽ ሞልተሻል።