የወር አበባ፣ ትንፋሽና ሩጫ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን ከጎንደር ሯጮች የደረሱኝን ጥያቄዎች ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

«ጠዋት ጠዋት ወደ ጎሃ አቀበቱን እሮጣለሁ። የወር አበባዬ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ግን በዚያው ፍጥነት ቁና ቁና እተነፍሳለሁ። ልቤን አሞኝ ይሆን?»

አይዞሽ እህቴ፣ ብዙ ሴቶች ላይ ያለ ነገር ነው። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ከፍ ይላል፤ እሱ ደግሞ አንጎል ውስጥ ትንፋሽን የሚቆጣጠረውን ክፍል ያነቃቃዋል፣ ስለዚህ ደምሽ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትንሽ ሲጨምር ከሌላው ጊዜ ይልቅ ቶሎና በብዛት ትተነፍሻለሽ። እርጉዝ ሴት ደረጃ ስትወጣ የሚያለከልካት አንዱ ምክንያት ይኸው ሆርሞን ነው። የሰውነት ሙቀትም ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጨምራል። በዚያ ላይ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አቀበቷ ማንንም ያስተነፍሳል። ትንፋሽሽ በዛ ማለት ግን ኦክስጅን አነሰሽ ወይም አቅምሽ ወረደ ማለት አይደለም። በእነዚያ ቀናት ሰዓትሽን ትተሽ የድካም ስሜትሽን ተከትለሽ ሩጪ፣ ቀኑንም ማስታወሻ ላይ ያዢ፤ በየወሩ ከተደጋገመ መልሱን ራስሽ ታገኚዋለሽ። ደረትሽን ከወጋሽ፣ ካዞረሽ ወይም ቁጭ ብለሽም ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ሐኪም ጋ ሂጂ።

«ውድድሬ የወር አበባዬ በሚመጣበት ቀን ዋለ። ልተወው?»

ለምን ትተይዋለሽ! እንግሊዛዊቷ ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍ እ.ኤ.አ. በ2002 ቺካጎ ላይ በ2:17:18 የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው የወር አበባ ቁርጠት ይዟት ነው። ጥናቶችም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታየው የብቃት ልዩነት በአማካይ እዚህ ግባ የማይባል ነው ይላሉ። ብቻ ሞክረሽው የማታውቂውን ማስታገሻ በውድድር ቀን አትጀምሪ።

«አሠልጣኝ ነኝ። የ17 ዓመቷ ልጅ የወር አበባዋ ከቀረ አምስት ወር አለፈው። ጓደኞቿ ‹ተገላገልሽ› ይሏታል። ከልምምድ ብዛት ነው፣ ችግር የለውም አይደል?»

ችግር አለው ወንድሜ፣ በጣም አለው! አንዱ ትልቅ ምክንያት የምትበላው ምግብ ለምትሮጠው ሩጫ ሳይበቃ ሲቀር ነው። ሰውነት ጉልበት ሲያጥረው የወር አበባን ያቆማል፣ አጥንትን የሚጠብቀው ኢስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ይቀንሳል፣ አጥንት ይሳሳል፤ ከዚያ እግሯ በልምምድ ብቻ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ስለሚችል ሦስት ወር ካለፈ መመርመር አለባት። ልምምዱን ቀለል አድርግላት። ደግሞ በቡድኑ ፊት እንዳታነሳባት፤ የምታምናት ሴት ለብቻዋ ታናግራት።

«ጾም ላይ፣ በተለይ ደሜ ብዙ ከፈሰሰ በኋላ፣ ዳገት ላይ እግሬ ይዝላል።»

ይኼ የብረት እጥረት ሊሆን ይችላል። ኦክስጅን ወደ ጡንቻ የሚሄደው በደም ነው፤ ብረት ሲያጥር ደም ያንሳል፣ ደም ካነሰ ደግሞ ሳንባ ብቻውን ምንም አያደርግም። ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን) እና ፌሪቲን (ሰውነትሽ ያከማቸውን ብረት የሚያሳየውን) ተመርመሪ፣ የብረት ኪኒን ግን ሳትመረመሪ አትጀምሪ። እስከዚያው ምስርና ጎመኑ ላይ ሎሚ ጨምቂበት፣ ብረቱ በደንብ እንዲመጠጥ ይረዳል። ቡናውንም ከምግብ በኋላ ወዲያው ሳይሆን አንድ ሁለት ሰዓት አቆይተሽ ጠጪ።