ቀድሞ የሚዘጋጅ የቸኮሌት ኩባያ ኬክ ድብልቅ፦ ያለ ስኳር፣ ያለ ስንዴ (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ካርቦሃይድሬት የሚቀንስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ማታ ነው። ደክሞት ሲገባ ጣፋጭ ያምረዋል፤ ቤት ያለው ደግሞ ዳቦና ብስኩት ነው። ደረቁ ነገር ቀድሞ ተመጥኖ ከተቀመጠ ግን እንቁላልና ቅቤ መጨመር ብቻ ነው የሚቀረው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ድብልቁን ቀድማችሁ አዘጋጁ እያልኩ የምወተውተው ለዚህ ነው። የምኖረው ደብረ ብርሃን ስለሆነ መጠኑ ለደጋ የተሰላ ነው። ቆላ ላላችሁት የሚቀየረውን እነግራችኋለሁ። ጠይቁ።

ከደብረ ብርሃን፦ እህቴ፣ መጠኑን በግራም ንገሪን። የአልሞንድ ዱቄት ዋጋው አይቀመስም። እዚሁ በሚገኝ ነገር ይሆናል?

ይሆናል። እኔ የምሠራው በኦቾሎኒና በተልባ ነው። ለ10 ኩባያ የሚሆነው ይኸው፦ 150 ግራም የኦቾሎኒ ዱቄት፣ 70 ግራም የተፈጨ ተልባ፣ 50 ግራም ስኳር የሌለው የካካዎ ዱቄት፣ 120 ግራም ኢሪትሪቶል የሚባለው ማጣፈጫ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። በወንፊት ነፍታችሁ በደንብ አዋህዱት። ድምሩ 400 ግራም ገደማ ይመጣል። ለአንድ ኩባያ 40 ግራም ትወስዳላችሁ ማለት ነው። ሚዛን ከሌለ 5 ያልተቆለለ የሾርባ ማንኪያ ነው።

ሲያምራችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ኩባያው ውስጥ ታቀልጣላችሁ። አንድ እንቁላል ትመቱበታላችሁ፣ አንድ ማንኪያ ወተት ወይም ውሃ ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ ድብልቁን። የአበሻ ዶሮ እንቁላል ከሆነ ትንሽ ስለሆነ ወተቱን ሁለት ማንኪያ አድርጉት። ማይክሮዌቭ ውስጥ 60 ሰከንድ፣ ከዚያ ካልበቃው በ10 በ10 ሰከንድ።

ስለ ኦቾሎኒው ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው። ጨው ያልነካውን ገዝታችሁ ለስለስ አድርጋችሁ ቁሉት። ገለባውን አሽታችሁ አንፍሱት፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቀዝ። ትኩሱን ከፈጫችሁት ዘይቱ ይወጣና ዳቦ ላይ የሚቀባ ይሆናል እንጂ ዱቄት አይሆንም። ብሌንደሩን ለአፍታ እያስነሳችሁ እያቆማችሁ ፍጩ፣ ንፉት፣ የቀረውን መልሳችሁ ፍጩ። ብሌንደር ከሌለ ሙቀጫ ይሠራል። የሻገተ፣ የጠቆረ ወይም የጨረጨሰ ፍሬ ካገኛችሁ አውጥታችሁ ጣሉ። በሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በመቁላት አይጠፋም።

ከሞላሌ፦ በመንዝ ገብስ ሞልቷል። በሶ ለምን አይሆንም? ጓደኛዬ ደግሞ ከአረርቲ የሽምብራ ዱቄት ትልክልኛለች።

ሁለቱም ጥሩ ምግብ ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆኑም። 100 ግራም በሶ ውስጥ አሰሩ (ፋይበሩ) ተቀንሶ እንኳ ከ60 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለ። ሽምብራው የተሻለ ቢሆንም ከ45 ግራም በላይ ነው። ኦቾሎኒ በ100 ግራም ከ8 እስከ 13 ግራም ነው። ተልባ ደግሞ ከ2 ግራም ብዙ አይርቅም፤ ካርቦሃይድሬቱ ከሞላ ጎደል አሰር ነውና። በእናቶቻችን ቤት ሁልጊዜ የነበረው ተልባ ለዚህ ከውጭ ከሚመጣው ሁሉ የሚሻል መሆኑ ደስ ይለኛል።

ከአንኮበር፦ ልጄ፣ የኛ ማር ንጹሕ ነው፣ የተፈጥሮ ነው። በዚያ ቢጣፍጥ ምን አለበት?

እማማ፣ ማሩ ንጹሕ መሆኑን አልጠራጠርም። ግን ስኳርዎ የሚለካ ከሆነ ንጹሕነቱ ቁጥሩን አይቀንሰውም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወደ 17 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። ይህ ኬክ በሙሉ ግን ወደ 4 ግራም ብቻ ነው ያለው። ማሩን ለልጅ ልጆችዎ ያድርጉት፤ ለእርስዎ ኬክ በማጣፈጫው ይሠሩልዎ።

ከደብረ ሲና፦ 4 ግራም ያልሽው ከየት መጣ? እኔ እየቆጠርኩ ነው የምበላው።

ከኦቾሎኒው ወደ 2፣ ከካካዎው ወደ 1፣ ቀሪው ከእንቁላሉ፣ ከተልባውና ከቤኪንግ ፓውደሩ ነው። አሰሩንና ኢሪትሪቶሉን አልቆጠርኩም። ኢሪትሪቶል አብዛኛው ሳይቃጠል በሽንት ስለሚወጣ የደም ስኳርን አያነሳም ማለት ይቻላል። በ4 ማንኪያ የስንዴ ዱቄትና በ3 ማንኪያ ስኳር የሚሠራው ኩባያ ኬክ ወደ 60 ግራም ይደርሳል። ጉልበቱ ግን ቀላል አይደለም፤ ወደ 300 ካሎሪ ነው። ካርቦሃይድሬቱ አነሰ ማለት ሁለት ኩባያ ይበላል ማለት አይደለም።

አንድ ነገር አደራ። የሚጠጣ ቸኮሌት ዱቄት ካካዎ አይደለም። ማሸጊያው ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ስኳር ከሆነ መልሱት።

ከሸዋ ሮቢት፦ ደብረ ብርሃን ያለች እህቴ የላከችልኝን ድብልቅ ሠራሁት፤ ጠፍጣፋ ሆነ። እሷ ጋ ግን በደንብ ይነሳል። ምንድን ነው ችግሩ?

የከፍታ ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300። ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚያንስ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ የበለጠ ይለጠጣል። ትንሽ ፓውደር ይበቃል ማለት ነው። ከበዛ እንዲያውም ኬኩ ሳይረጋ አረፋው ይፈነዳና መሃሉ ይሰምጣል። ለዚህ ነው ለ10 ኩባያ 2 የሻይ ማንኪያ ብቻ ያልኩት። አንቺ ጋ 2 ተኩል አድርጊው። የተላከልሽ ድብልቅ ላይ ለአንድ ኩባያ ከጣት ጫፍ ቆንጠር አድርገሽ ብትጨምሪበት ይስተካከላል።

ፓውደሩ ራሱ ሞቶ እንዳይሆንም ፈትኚው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ፓውደር ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምሪ። ወዲያው አረፋ ካላወጣ አሮጌ ነው።

ከደብረ ብርሃን፦ የኔ ይነሳል፤ ግን እንደ ጎማ ይሳባል።

በዝቶ በስሏል። እንቁላሉ ሲጠነክር ነው ጎማ የሚሆነው። መሃሉ ትንሽ እርጥብ ሆኖ ሳለ አውጣው፤ ውጪ ሆኖ በራሱ ሙቀት ይጨርሳል። ሁለት ደቂቃ ታገሠው። እኛ ደጋዎቹ ደግሞ ውሃ ቶሎ ስለሚተንብን አንድ ማንኪያ ወተት ማከል አይጎዳም።

ከመሐል ሜዳ፦ ማይክሮዌቭ የለኝም። መብራትም እንደምታውቂው ነው።

በእንፋሎት ይሠራል፤ እንዲያውም ከማይክሮዌቩ ይለሰልሳል። ድስት ውስጥ ትንሽ ጨርቅ አንጥፊ፣ ኩባያውን አስቀምጪ፣ ውሃው የኩባያውን ግማሽ እስኪደርስ ጨምሪ። አፉን በፎይል ሸፍኚው፣ የድስቱን ክዳን ግጠሚው። ውሃው ሲፈላ እሳቱን ቀንሺ። እዚህ ደጋው ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 91 ዲግሪ ላይ ስለሆነ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ቆላ ላይ 15 ይበቃል። የጥርስ መፈልፈያ እንጨት ሰክተሽ ሊጥ ካልያዘ ደርሷል። ከሰል ላይም በላይ በላዩ ሳይንተከተክ በዝግታ ይሆናል።

ከአለም ከተማ፦ የጾም ይሠራል? ረቡዕና ዓርብ ላይ ነው በተለይ የሚያምረኝ።

ይሠራል። ደረቁ ድብልቅ እንዳለ የጾም ነው፤ የሚቀየረው የሚጨመረው ብቻ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 ማንኪያ ውሃ በጥብጠሽ 10 ደቂቃ ተይው። እንደ እንቁላል ይዝለገለጋል። በቅቤው ፈንታ ዘይት፣ በወተቱ ፈንታ ውሃ። እንደ እንቁላሉ አይነሳም፤ ጠንከርና እርጠብ ያለ ነው የሚሆነው። ለመብሰልም ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይጨምራል። ሎሚ ጥቂት ጠብ ካደረግሽበት ትንሽ ይከፈታል። በሁዳዴ የምመርጠው በእንፋሎት የበሰለውን ነው። ውሃ ጠጪበት፤ ተልባ ውሃ ይፈልጋል።

ከደብረ ብርሃን፦ በተነጠረ ቅቤ ልሥራው?

ኮረሪማ ብቻ ከሆነ ያለበት አዎ፤ ከቸኮሌት ጋር በጣም ይስማማል። ነጭ ሽንኩርትና ኮሰረት ከገባበት ግን ለወጥ ተዪው። ለጋ ቅቤ ወይም የገበታ ቅቤ ይሻላል።

ከአረርቲ፦ ድብልቁ ስንት ጊዜ ይቆያል? የት ላስቀምጠው?

ደካማ ጎኑ ተልባውና ኦቾሎኒው ናቸው። ሁለቱም ዘይት አላቸው፤ ከተፈጩ በኋላ አየርና ሙቀት ያበላሻቸዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ፣ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ወር አስቀምጠዋለሁ። ምንጃርና ሸዋ ሮቢት ሙቀት ስለሚበዛ ፍሪጅ ይግባ፤ ፍሪጅ ከሌለ ለ2 ሳምንት የሚበቃ ብቻ አዘጋጁ። ሲከፈት የከረመ ዘይት ከሸተተ ይጣል።

እርጥበት ሌላው ጠላት ነው። ቤኪንግ ፓውደሩ እርጥበት ካገኘው ዕቃው ውስጥ እያለ ሥራውን ይጨርሳል። በተለይ ክረምት ላይ ማንኪያው ደረቅ ይሁን፤ እንፋሎት የሚወጣ ድስት አጠገብ ዕቃውን አትክፈቱ። ማጣፈጫው ከዱቄቱ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። ሳትቀዱ በፊት በደንብ ነቅንቁት። አለዚያ የመጀመሪያው ኬክ መራራ፣ የመጨረሻው ከረሜላ ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው 40፣ 40 ግራም እየመዘናችሁ በትንንሽ ፌስታል ማሰር ነው። ኢሪትሪቶሉ ሻካራ ከሆነ ቀድማችሁ ፍጩት፤ ሳይሟሟ ቀርቶ ጥርስ ላይ አሸዋ ይሆናል።

ከሸዋ ሮቢት፦ አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው፣ ኪኒን ይወስዳል። በየቀኑ ልሥራለት?

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ኪኒን የሚወስድ ሰው ካርቦሃይድሬቱን በድንገት ሲቀንስ የደም ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። ያ አደገኛ ነው። መድኃኒቱን ራስህ አትቀንስለት። ምግቡን ከመቀየሩ በፊት ሐኪሙ ይወቅና መጠኑን ያስተካክልለት። እንደ መክሰስ አልፎ አልፎ ማቅረብ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔም ከበላ ከ2 ሰዓት በኋላ ለካው፣ ለእሱ ምን እንደሚያደርግ ታያለህ።

ይህንንም ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ። ስኳሩ ወርዶ ካላበውና ከተንቀጠቀጠ ይህን ኬክ አትስጡት። አያነሳለትም። በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ወይም ጣፋጭ ጭማቂ ነው የሚያስፈልገው። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳትሰጡ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

ከደብረ ብርሃን፦ ኢሪትሪቶል ለልብ መጥፎ ነው ሲባል ሰማሁ።

የሰማኸው በ2023 ኔቸር ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን ጥናት ይመስለኛል። ደማቸው ውስጥ ኢሪትሪቶል ከፍ ብሎ የተገኘባቸው ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና የስትሮክ አደጋ በርክቶ ታይቷል። ሰውነታችን ራሱም ጥቂት ኢሪትሪቶል ስለሚሠራ ያ ጥናት ብቻውን መንስኤው ይህ ነው አያሰኝም። ቢሆንም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሌሎቻችንም የዘወትር አናድርገው። ንጹሕ የስቴቪያ ዱቄት አማራጭ ነው፤ በጣም ስለሚጣፍጥ ለ10 ኩባያው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፣ ቀምሳችሁ አስተካክሉ። ያኔ ድብልቁ ክብደቱ ስለሚቀንስ ለአንድ ኩባያ 28 ግራም ውሰዱ። ዛይሊቶል የሚባለውን ከገዛችሁ ግን ከውሻ አርቁት፤ ይገድለዋል።

ከደብረ ሲና፦ በሲኒ ብሠራውስ? ትንሽ ትንሽ አድርጌ ለእንግዳ።

ለቡና ላይ ያምራል። ግን ጠርዙ ወርቃማ ቀለም ያለው ሲኒ ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም፤ ብልጭታ ይፈጥራል። የብረት ኩባያም እንደዚሁ። በእንፋሎት ከሆነ ሁሉም ይሆናል። ከግማሽ በላይ አትሙይው፣ ይገነፍላል። ቡናው ከተፈላ ደግሞ በወተቱ ፈንታ አንድ ማንኪያ አቦል ጨምሪበት። የቸኮሌቱን ጣዕም ያወጣዋል።

ከደብረ ብርሃን፦ ለጓደኞቼ በብርጭቆ ዕቃ አድርጌ ስጦታ ልሰጥ ነው። ምን ልጻፍበት?

የተዘጋጀበትን ቀን፣ «5 ማንኪያ ድብልቅ፣ 1 እንቁላል፣ 1 ማንኪያ ቅቤ፣ 1 ማንኪያ ወተት፣ 60 ሰከንድ» ብለሽ ጻፊ። «ኦቾሎኒ አለው» የሚለውን ደግሞ በትልቁ። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበትን ሰው ነፍሱ ላይ ሊያደርሰው ይችላል፤ አንድ የማታውቂው ሰው ዕቃውን ሊከፍተው ስለሚችል ክዳኑ ላይም ይጻፍ።