ባግሱናግ፦ ፏፏቴውና ቤተ መቅደሱ

ሰላም ወንድሜ። ከህንዳውያን የክፍል ጓደኞችህ ጋር ሰሜን ህንድ ውስጥ ዳራምሳላ ከተማ አጠገብ ወዳለው ባግሱናግ ልትሄድ ነው፤ «ሂንዱ ስላልሆንኩ መቅደሱ ያስገባኛል? መቼስ ልሂድ?» ብለሃል።

ትገባለህ፣ አትስጋ። የውጭ አገር ሰው እዚያ ብርቅ አይደለም። ጫማህን በር ላይ አውልቅ፤ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይኑርህ። ጸሎት ላይ ያለ ሰው ግን ፎቶ አታንሳ፣ በጣም ነው የሚያስከፋው። ቅመስ ብለው ጣፋጭ ነገር ከሰጡህና ከወሰድክ በቀኝ እጅህ ተቀበል። ሃይማኖቴ አይፈቅድም ካልክም በትሕትና መተው ትችላለህ።

ቦታው ሂንዱዎች የሚያመልኩት የሺቫ አምላክ ነው። ታሪኩን ሳትሰማ አትሂድ። ባግሱ የሚባል ንጉሥ አገሩን ድርቅ ሲመታው፣ ከእባቦቹ ንጉሥ ከናግ ሐይቅ ውሃ ሰረቀ ይላሉ። ናግ ተከታትሎ ወጋው። ሊሞት ሲል ይቅርታ ጠየቀና ስሙ ከናግ ስም ጋር ቀረ። ውሃ ለጠማው ሕዝብ ሲል የሞተ ንጉሥ! ልቤን የሚነካኝ ይሄ ነው። በመቅደሱ ግቢ ያለው የምንጭ ውሃ ገንዳ ለምን እንደሚከበር ያኔ ይገባሃል። እንደ ጠበል ቦታ ቁጠረው፤ አትጩህ፣ ቆሻሻ አትጣል።

ፏፏቴው ከመቅደሱ በላይ ነው፣ ዳገቱን በእግር ትወጣለህ። ክረምት ላይ ውሃው ያምራል፤ ግን አደራ፣ ያኔ አትሂድ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ድንገተኛ ጎርፍ እዚያው ባግሱ ውስጥ መኪና ጠራርጎ ወስዷል። ጥቅምት ወይም መጋቢት ይሻልሃል።